በ21 ማርሽ፣ በእግር

ባለፈው ሐምሌ ደሴ፣ እናቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ «ልዋጭ! ልዋጭ አለ!» የሚል ጥሪ ነው። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ስለሞላው ከበረንዳው ላይ ሆኜ የውጭው በር እንኳን አይታየኝም። ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ የእናቴ ድምፅ፣ የአንድ ወጣት ድምፅ፣ ከዚያም ሌላ፣ የትም ብሰማው የማልስተው ድምፅ፦ የብስክሌት የኋላ ጎማ በባዶ ሲሽከረከር የሚያሰማው ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

በነጠላ ጫማ ሮጬ ወረድኩ። ልጁ ብስክሌቴን በእጅ ሚዛኑ ላይ አንጠልጥሎ ቁጥሩን ለማንበብ ዓይኑን ያጠብባል። «አሥራ ሦስት ተኩል» አለ። አጠገቡ መሬት ላይ ዋጋው ተቀምጧል፤ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋና ሁለት ጆግ። እናቴ አንዱን ጆግ አንስታ በጥፍሯ ታንኳኳዋለች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደረግኩ? በ2014 ቤቱ ሲዘረፍ ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ ፍሪጁ ሄደ፣ ብርድ ልብሱ ሳይቀር ሄደ። ይኼን ግን ዘራፊም አልፈለገው። እኔ ምን ላድርገው?»

ልጁ ይህን ሲሰማ የልብ ልብ ተሰማው መሰለኝ፣ ጣቱን በላይኛው አግዳሚ ብረት ላይ እየጎተተ «እሱስ ተልጧል» አለ። «ይኸው፣ ከዚህ እስከዚህ ቀለሙ ሁሉ ተነሥቷል። ሳፋው ራሱ ይበዛበታል።»

«አይሸጥም» አልኩ። ድምፄ ለእንዲህ ያለ ነገር ከሚያስፈልገው በላይ ጮኸ። ልጁ ደንግጦ ሳፋውን ራሱ ላይ ደፋና ጭጋጉ ውስጥ ገባ። እናቴ ጆጉን ልትመልስለት ተከትላው ወጣች። ስትመለስ በአጠገቤ እያለፈች «ካልሸጥከው እንግዲያ ንዳው» ብላኝ ጓዳ ገባች።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ነገሩ አልለቀቀኝም። ያናደደኝ ዋጋው አልነበረም፤ ለ13 ኪሎ ተኩል አሮጌ ብረት ሳፋና ሁለት ጆግ ማለት የሚያስቀይም ድርድር አይደለም። ያናደደኝ «ተልጧል» የምትለዋ ቃል ናት። ከዚያ ብስክሌት ላይ አንድ ስንዝር ብቻ ቆርጠህ አስቀር ብባል የማስቀረው ልጁ ጣቱን ያሳለፈበትን ቦታ ነው።

ብረቱ

ብስክሌቱን ያገኘሁት በ1990 ዓ.ም ነው። አጎቴ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፕሮጀክት ጥበቃ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ብስክሌቱን ትቶለት ሄደ። አጎቴ አንድ ጊዜ ሞከረው፣ ቦይ ውስጥ ገባ፣ ሁለተኛ አልነካውም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ፣ ማለትም ምንም የማልሠራ የ19 ዓመት ጎረምሳ ስለነበርኩ ወደ እኔ ተላለፈ።

የፋብሪካው ስም ተፍቆ ጠፍቷል። ከኮርቻው በታች ባለው ቋሚ ብረት ላይ በቀረች ግማሽ ተለጣፊ ወረቀት ላይ ግን «ታንጌ» የሚል ይነበባል። የፈረንጁ ስም መስሎኝ ብስክሌቱን ታንጌ እያልኩ ጠራሁት። የጃፓን የብረት ቱቦ አምራች ስም መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቱቦው ክሮሞሊ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ብረቱ ውስጥ ጥቂት ክሮሚየምና ሞሊብዴነም የተጨመረበት፣ ጫፍና ጫፉ ወፍራም፣ መሀሉ ስስ። ጫና የሚበዛው መጋጠሚያው ላይ ስለሆነ ብረቱም የሚበዛው እዚያው ነው። በጥፍር ቢያንኳኩት መሀሉ ላይ ድምፁ ይለያል።

ማርሹ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ነው፤ ሲባዛ 21። መቀየሪያው መሪው ላይ ተቀምጦ በአውራ ጣት ይገፋል። ያኔ ደሴ ላይ የምናውቀው ፎኒክስን ነበር፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ ባለ አንድ ማርሽ፣ እንደ ሽማግሌ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት። ስለዚህ የ21 ማርሽ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረ። መንገድ ላይ ደጋግሞ ያየኝ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ደግሞ አንድ ቀን ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ ሲያገኘኝ፣ «አውቶቡሱ በአምስት ማርሽ ሐረጎን ይወጣል፣ አንተ በ21 ማርሽ በእግርህ!» ብሎ ጮኸ። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

እውነቱን ነው። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ 376ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናት፣ ደሴ 401ኛው ላይ። 25 ኪሎ ሜትር ማለት ምንም አይደለም። በከፍታ ግን 600 ሜትር ገደማ ስለሚለያዩ ታች በሸሚዝ የተነሣ ሰው ላይ ሲደርስ ሹራብ ይፈልጋል። የዚያን ዕድሜ ጉልበት ይዤ፣ በትንሿ ማርሽ፣ ምላሴን አውጥቼ ብነዳ ዳገቱ ይወጣ ይሆናል። እኔ ግን ጠመዝማዛው ሲበዛ እወርዳለሁ፣ እገፋለሁ። የከበደኝ መግፋቱ አልነበረም፤ መታየቱ ነው። ከኋላዬ መኪና ሲመጣ ስሰማ ጎንበስ ብዬ ካቴናውን እነካካለሁ፣ የተበላሸ እንዲመስል። እስኪያልፍ ድረስ እጄን ቅባት አስነካለሁ። ሐረጎ ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነውር የለበትም፤ እየነዳ የሚሄደውም የለበትም። ነውሩ የሚነዳ ነገር ይዞ በእግሩ የሚሄደው ላይ ነው።

የተራራ ብስክሌት ታሪክን ኋላ ላይ ሳነብ ይህ ነውር ከመሠረቱ ያልነበረ መሆኑን አየሁ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ አካባቢ የሚውሉ ጎረምሶች ከ1930ዎቹና ከ40ዎቹ የቀሩ ከባድ የብረት ብስክሌቶችን በርካሽ ይገዛሉ። ወይ ገፍተው ወይ በፒክ አፕ ጭነው ተራራው ላይ ያወጧቸዋል፤ ከዚያ ቁልቁል ይለቋቸዋል። ከጥቅምት 1976 ጀምሮ የተወዳደሩበት መንገድ ሬፓክ ይባላል፤ በ3.4 ኪሎ ሜትር ውስጥ 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ስሙ የመጣው ከፍሬኑ ነው። የኋላው ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ ውስጡ ያለው ግሪስ ነድዶ ያልቃል፤ ታች ሲደርሱ እንደገና ግሪስ መጠቅጠቅ ግድ ነው፤ ሬፓክ ማለትም ይኸው እንደገና መጠቅጠቅ ነው። ከእነሱ አንዱ የነበረው ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ብስክሌት ከክሮሞሊ ሠራ። እንግዲህ የታንጌ አያቶች ዳገት የወጡት ተገፍተው ነው። ይህን ያኔ ባውቅ ለረዳቱ መልስ አላጣም ነበር። የሚነድ ፍሬን ሽታን ለማወቅ ግን ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም፤ ሐረጎን ከጭነት መኪና ኋላ ኋላ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል።

ሐይቅ

የመጀመሪያው ረጅም ጉዞዬ ወደ ሐይቅ ነበር፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ ጓደኛዬ ፎኒክስ ተከራይቶ አብሮኝ መጣ። ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣነው። ጋቢ፣ ዳቦ፣ ቆሎና የእጅ ባትሪ የያዘውን ከረጢቴን ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በቀደድኩት ላስቲክ ከኋላዬ አሰርኩት። ጓደኛዬ በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በል እንጂ!» ሲለኝ ስለነበር አስተሳሰሬን አላየሁትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ሰምቼው ነበር፤ ስለ ከረጢት መሆኑን ግን አላወቅኩም።

ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ ሁለታችንም መንዳት አቆምን። እንደ ትልቅ ሰው ዝም ብለን አየነው፣ ከዚያ እንደ ልጅ እየጮህን ወረድን። ከተማው ስንደርስ ነው ከኋላዬ ምንም እንደሌለ ያየሁት። በጓደኛዬ ገንዘብ የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ በላን፤ ሴት ወደማይገባበት ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሄደን ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ላይ ተቀምጬ የማስበው ስለ ጋቢዬ ነበር። ሌሊቱን የጓደኛዬ ዘመዶች ዘንድ በሰው ጋቢ አደርን።

በማግስቱ ስንመለስ አንድ እረኛ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ጋቢዬን ለብሶ። ከረጢቱ ጉልበቱ ላይ ነው። «ስጠብቅህ ነበር» አለኝ፣ ያረፈድኩበት ይመስል። ዳቦውን በልቶታል፤ ቆሎው አለ፤ ባትሪው ግን ሌሊቱን ሲበራ አድሮ ሞቷል። ለጥበቃው የጠየቀው ክፍያ ታንጌ ላይ ተቀምጦ እስከ ሚቀጥለው ኩርባ መሄድ ነበር። አስቀመጥኩት፣ ገፋሁት። አሁን ሳስበው ከዚያ ጉዞ ሙሉ ሆኖ የቀረኝ ያ የገፋሁት ሁለት መቶ ሜትር ነው።

ሐረጎ

አሁን ወደ ተላጠው ቦታ ልምጣ።

መስከረም 1991 ነበር። አጎቴ ዘንድ አድሬ በጠዋት ከኮምቦልቻ ተነሣሁ። ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ዳገቱ ላይ አደይ አበባው ርሶ አንገቱን ደፍቷል። እየገፋሁ ሳለ ከፊቴ አንድ ሸክም የባሕር ዛፍ እንጨት ብቻውን ሽቅብ ሲሄድ አየሁ። ከኋላ ሰው አይታይም፤ እንጨትና ከእንጨቱ በታች ሁለት ባዶ እግር። ስደርስባቸው የእናቴ እኩያ የሚሆኑ ሴት ናቸው። አንገታቸውን ማዞር ስለማይችሉ በዓይናቸው ብቻ አዩኝ።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተ ልጅ፣ ይኼ ብረት ነው አንተን የሚሸከም ወይስ አንተ ነህ የምትሸከመው?»

«ቁልቁለት ላይ እሱ፣ ዳገት ላይ እኔ።»

«እንዲያስ ከሆነ እንደ ባል ነው» አሉ።

አብረን ትንሽ እንደሄድን ከታች የአውቶቡስ ድምፅ መጣ። እንደልማዴ ጎንበስ ብዬ ካቴናውን ያዝኩ። እሳቸው ቆመው አዩኝ። «ምን ሆነብህ?» «ምንም።» «ታዲያ ምን ትጎረጉራለህ?» የምለው አጣሁ። አውቶቡሱ አለፈ። ያኔ ነው «እማማ፣ እንጨቱን ለምን እዚህ ላይ አንጭነውም?» ያልኩት።

ደግ ልጅ ነበርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ለብዙ ዓመትም ታሪኩን ለሰው ስናገር እንደዚያ አድርጌ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጭነት ካለው መግፋቴ ምክንያት ያገኛል ብዬ ነው። የእሳቸውን ሸክም የፈለግኩት ለራሴ ሽፋን ነበር።

በዚያው ላስቲኬ አሰርኩት። አሥር እርምጃ ሳንሄድ እንጨቱ ተንሸራትቶ ብስክሌቱን ይዞት ወደቀ፣ ብስክሌቱ ደግሞ እኔን። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁ። «ትምህርት ቤት ገመድ አያስተምሩም?» አሉኝና ተነሡ። ላስቲኬን ወርውረው የራሳቸውን ገመድ አወጡ። እንጨቱን በአግዳሚው ብረትና በኮርቻው ላይ በቁመቱ አጋደሙት፤ መሪው መዞር እንዲችል ጫፉን ወደ አንድ ወገን አሰገጉት። ገመዱን ሁለት ጊዜ አዙረው ሳያጠብቁ አሰሩት። ላላ ማለቱ ስህተት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከሸክሙ ውስጥ አጭር እንጨት መዘዙ፣ በገመዱና በጭነቱ መካከል አስገቡት፣ እንደ ቁልፍ ማዞር ጀመሩ። ገመዱ እየተጠማዘዘ ጠበበ፣ እንጨቶቹ ተንጫጩ፣ ጭነቱና ብስክሌቱ አንድ አካል ሆኑ። የመጠምዘዣዋን ጫፍ ከገመዱ ሥር ሸጉጠው፣ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መትተው «በል ሂድ» አሉኝ፤ ለእኔ ይሁን ለብረቱ እንጃ።

እኔ በግራ፣ እሳቸው በቀኝ ሆነን ገፋን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ እኛ ሁለት ብቻ ነበርን፣ ሦስተኛው ታንጌ ነው። ብረቱ ምንም አላለም። ቅርፊቱ ከቀለሙ ጋር ሲፋተግ ክርር፣ ክርር የሚል ድምፅ ብቻ።

አንድ ነገር ግን አየሁ፣ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሸክሙ ከወረደላቸው በኋላም ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ነበር የሚሄዱት። እጆቻቸው የሌለውን ገመድ እንደያዙ ደረታቸው ላይ ናቸው። ወደ ግማሽ ሰዓት ገደማ እንደዚያ ሄዱ። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ እሳቸውም ሳያውቁት ይመስለኛል፣ ወገባቸው ተቃና፣ አንደኛው እጃቸው ወርዶ ብስክሌቱ ኮርቻ ላይ አረፈ። ከእኔ ይረዝሙ ነበር።

ሌላ አውቶቡስ መጣ። አልጎነበስኩም። በመስኮቱ ያሉት ሰዎች አዩን፣ ማንም አልሳቀም። እንጨት የጫነ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ወሬ አይሆንም።

ዶሮ መዝለያ ጋ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ስለ ዋጋው ጠየቁኝ። «ይኼ ብረት ስንት ሸክም ያወጣል?» ብር አላሉም፣ ሸክም አሉ። አጎቴ በነፃ ነው የሰጠኝ አልኳቸው። «በነፃ የሚባል ነገር የለም» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ አንዲት የማትታለብ ላም፣ ከባሕር ዛፍ የቱ ቶሎ እንደሚነድ አወሩልኝ። እኔም ስለ ውጤቴ ፍርሃት አወራሁ፣ ቤት ውስጥ ለማንም ያልተናገርኩትን። ቢነዳ ኖሮ በአንድ ሰላምታ የማልፋቸው ሴት ነበሩ።

ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ ድንገት «አቁም» አሉኝ። መጠምዘዣዋን መዝዘው ገመዱን ፈቱ። እስከሚሸጡበት ላድርስልዎ ብዬ ለመንኳቸው። «የሚገዙት ሴቶች ዓይን አላቸው» አሉኝ። «በብረት የመጣ እንጨት ነው ካሉ ዋጋ ይሰብሩብኛል። ላቤን ሳያዩ አይከፍሉም።» ጀርባቸው ላይ ሳነሣላቸው ያኔ ገና ክብደቱን አወቅኩት፤ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ግን ገመዱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ወገባቸውን አጥፈው፣ ትንፋሻቸውን እንኳን ለውጠው ቆሙ። «አላህ መንገድህን ያቅናው፣ የብረትህንም» ብለውኝ ሄዱ። ከኋላ ሲታዩ እንደገና እንጨትና ሁለት እግር ብቻ ሆኑ።

ይህን ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ። እኔ ሸክማቸውን የወሰድኩት ሰው እንዳይስቅብኝ ነው። እሳቸው ሸክማቸውን መልሰው የወሰዱት ሰው እንዳይንቅባቸው ነው። ሁለታችንም ለሚያየን ነበር የምንደክመው፤ የእኔ ትርፍ ስም ነው፣ የእሳቸው ራት። ሁለቱን እኩል ማድረግ አልችልም፤ ያኔም አልችልም ነበር። በመካከሉ ግን፣ ሐረጎና ዶሮ መዝለያ መካከል፣ ማንም ሳያየን የሄድንበት ጊዜ አለ፣ እሳቸው ቀጥ ያሉበት።

ያን ማታ አግዳሚው ብረት ላይ ቀለሙ ተልጦ ሳይ፣ አልዋሽም፣ በጣም ተናደድኩ። በማግስቱ ፒያሳ ወርጄ ጥቁር ቀለም ገዛሁ። ቆርቆሮው ሳይከፈት ደረቀ።

ባቲ

ከዚያ በኋላ ብዙ ዞርኩ፤ ወደ ኩታበር፣ ወደ ሐርቡ፣ አንድ ጊዜም እስከ ከሚሴ። ጓዜን የማስረው በመጠምዘዣ እንጨት ነው። የሚያየኝ ሁሉ ላስቲክ የማላውቅ ይመስለው ነበር።

በ1992 ለሰኞው ገበያ ለመድረስ እሁድ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስወርድ ጠጠር አዳልጦኝ በቀኝ ጎኔ ወደቅኩ። ክርኔ ተገሸለጠ፤ ከረጢቴ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የሚንጠለጠልበት የብረት ጆሮ ግን ታጥፎ ሽቦው ውስጥ ገባ። ገፍቼ ባቲ ደረስኩ፤ መቼም መግፋት ለምጃለሁ። በማግስቱ ገበያው ግመልና ፍየል፣ አፋርና ኦሮሞና አማራ አንድ ላይ ሲንጫጫበት እኔ የጭነት መኪና ጎማ የሚያወጣ አንድ ጎሚስታ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሰውዬው ብስክሌት ጠግኜ አላውቅም አለ። ግን ጎንበስ ብሎ አየው፣ በትልቅ መፍቻ ያዘው፣ ከመሳቡ በፊት ብረቱን በእጁ ዳሰሰው። «ይኼ የሚሰማ ብረት ነው» አለ። አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳበው። ተመለሰ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ያ ጆሮ አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ ሲመለስ ሊሰበር ይችል ነበር፤ ለዚህ ነው አሁን ባሉት ብስክሌቶች ላይ ተነቅሎ የሚቀየር የሚያደርጉት። አንድ መሐንዲስ ወዳጄ ልዩነቱን እንዲህ አስረዳኝ፦ ብረት ከተወሰነ ልክ በታች ያለን ጫና ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገምበትም አይቆጥረውም። አሉሚኒየም ግን ትንሿንም ሁሉ ያጠራቅማል፤ አንድ ቀን ምንም ከባድ ነገር ሳይገጥመው ይሰነጠቃል። ይህን ስሰማ ባለቤቴ ወደ እኔ አየች። እኔ በዚህ በኩል አሉሚኒየም መሆኔን ታውቃለች።

ለብስክሌት ፍቅር የለኝም፣ እንደሚገርማችሁ አውቃለሁ። አዲሶቹን ባለ 29 ኢንች ጎማ ብስክሌቶች አይቼ አልጎመጅም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ በአንዱ ተቀመጥኩ፤ ይበርራል፣ ዳገቱን ሳልወርድ ወጣሁት፣ ላይ ስደርስ ማንንም አላናገርኩም ነበር።

ወፍጮ ቤት

በኅዳር እንደገና ደሴ ሄድኩ። ታንጌ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ እናቴ መሪው ላይ የበርበሬ ማድረቂያ ሰፌድ አንጠልጥላበታለች። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። ፒያሳ አካባቢ ሁለት የ26 ቁጥር ጎማ አገኘሁ፤ ከውጭ አገር የሚመጡት አዳዲሶቹ እየቀየሩት ነው ይባላል፣ እኛ ዘንድ ግን ይህ ቁጥር ገና አልሞተም። ካቴናውን በናፍጣ አጠብኩ፣ የፍሬኑን ሽቦ ቀየርኩ። እናቴ ከጓዳ እየወጣችና እየገባች በዓይኗ ትከታተለኛለች፣ ምንም አትልም።

ማታ ላይ «የአዲሱ ጤፍ 25 ኪሎ አለ፤ ባጃጁ ዋጋውን ሰቅሎታል» አለችኝ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ እንደምታወራ።

ጠዋት ጆንያውን አግዳሚው ብረት ላይ አጋደምኩት፣ በተላጠው ቦታ ላይ። ገመዱን ሁለት ጊዜ አዙሬ ላላ አድርጌ አሰርኩ። እናቴ ይህን አይታ «ይወድቃል» አለች። ከእንጨት ክምሩ አጭር ፍልጥ አምጥቼ አስገባሁና ማዞር ጀመርኩ። ጆንያው ተንጫጫ፣ ጠበበ። ጫፏን ሸጉጬ በመዳፌ ሁለት ጊዜ መታሁት። እናቴ ቀርባ ገመዱን ሳበችው፤ አልተነቃነቀም። እንደገና ሳበችው።

«ይኼን ደግሞ ማን አስተማረህ?»

«አንዲት የሐረጎ ሴትዮ።»

ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጇን ጆንያው ላይ አሳረፈች። ወፍጮ ቤቱ ዳገት ላይ ነው።